አምስት ትክክለኛ መልስ፣ የቱን ልምረጥ? የስትሪንግና የሊስት ልምምድ ለጀማሪዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ የእኛ ሳሎን ውስጥ፣ አምስት ልጆች ሁለት ላፕቶፕ ከበው ተቀምጠዋል። የጎረቤት ልጆች ናቸው። ሁለቱ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው፤ አንዷ ኮሌጅ ጀምራለች። የሰጠኋቸው ልምምድ ቀላል ነበር፦ የታክሲ ፌርማታዎችን ሊስት (በተራ የተደረደረ ዝርዝር) ገልብጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አምስቱም ጨረሱ። አምስቱም ኮድ ይሠራል። ግን አንዱ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። ታናሻቸው ቀና አለና "ጋሼ፣ የማን ይሻላል?" አለኝ።

"ሁሉም ልክ ነው" ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እንደዛ ብል ግን ልጁን መሸወድ ነው። አንዱ ኮድ የመጀመሪያውን ሊስት ባዶ አድርጎታል። ሌላው ሊስቱ አንድ መቶ ሺህ ፌርማታ ቢኖረው ይንቀራፈፋል። አንዱ ደግሞ ልጁ ራሱ ሊያስረዳው ያልቻለ ከስልክ የተቀዳ መስመር ነው።

ጀማሪ ሳለን መልሱ ከወጣ እናቆማለን። ስክሪኑ ላይ የሚፈለገው ነገር ታየ፣ በቃ፣ ወደ ሚቀጥለው። ከሁለት መንገድ አንዱን መምረጥን ማንም አያስተምረንም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው። ልጆቹ በየሳምንቱ የሚጋጩባቸውን ምርጫዎች አንድ በአንድ አነሳለሁ፣ እኔ የቱን እንደምመርጥና ለምን እንደሆነም እናገራለሁ። ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚወስኑት ሦስት ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሊስት ከሥራው በኋላ ይፈለጋል? የእያንዳንዱ ነገር ተራ ቁጥር ይፈለጋል? ልምምዱ ሊያስተምረኝ የፈለገውን ነገር አቋራጩ ይደብቅብኛል?

ከመጀመራችን በፊት አንድ ሁለት ነገር። ስትሪንግ የምለው በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለ ጽሑፍን ነው። ትእዛዞቹን እንደምንጠራቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ኪቦርድ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የሚገቡት። እናንተ የምታወጧቸው ስሞች በአማርኛ ቢሆኑ የምንለማመድበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓይተን 3፣ ያለ ችግር ይቀበላል። ከታች "ጠዋት" የሚባል ሊስት ታያላችሁ፤ እንዳለ ብትጽፉት ይሠራል። ሥርዓተ ነጥቡ ግን የእኛ አይሁን። በኮድ ውስጥ ነጠላ ሰረዛችን (፣) አይሠራም፤ የሚፈለገው (,) ነው። ልጆቹ በአማርኛ ኪቦርድ እየጻፉ ስንቴ በዚህ ተደናቅፈዋል።

ፓይተን ወይስ ጃቫስክሪፕት?

ይህን ቶሎ ልለፈው። ዓላማችሁ ዌብሳይት መሥራት ከሆነ ጃቫስክሪፕት አይቀርላችሁም። ለስትሪንግና ለሊስት ልምምድ ግን በፓይተን ጀምሩ እላለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው። በጽሑፍ መልክ ያለ "5" ላይ ቁጥሩን 5 ብትደምሩ ጃቫስክሪፕት ምንም ሳይል "55" ይሰጣችኋል። ፓይተን እምቢ ይላል፤ ስህተት ብሎ ያቆማችኋል። ጀማሪ የሚያስፈልገው ጥፋቱን ወዲያው የሚነግረው ነው። ጉይዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን ለሕዝብ የለቀቀው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለተጻፈበት ብዛት የመለማመጃ ጥያቄ እንደ ልብ ነው።

መገልበጥ፦ ራሱን ልለውጠው ወይስ አዲስ ልሥራ?

ወደ ልጆቹ ልምምድ ልመለስ። ጠዋት ከሰፈራችን ወደ መሀል ከተማ ስንገባ መንገዱ ይህ ነው፦

ጠዋት = ["ቱሉ ዲምቱ", "ቃሊቲ", "ሳሪስ", "ጎተራ", "ስታዲየም"]

ማታ ስንመለስ ይገለበጣል። አንዱ ልጅ ሪቨርስ የሚለውን ትእዛዝ ተጠቀመ። ሁለተኛው በቁራጭ፣ ማለትም በስላይስ ሠራው (-1 ከኋላ ወደ ፊት ሂድ ማለት ነው)፦

ማታ = ጠዋት[::-1]

ሦስተኛው ከመጨረሻው ተራ ቁጥር ወደ ዜሮ እየቆጠረ በሉፕ፣ ማለትም እየደጋገመ በሚዞር ትእዛዝ፣ ወረደና እያንዳንዱን በአፔንድ አዲስ ሊስት ላይ ጨመረ። አራተኛዋ ከፊት ጀምራ እያንዳንዱን ፌርማታ በኢንሰርት ከአዲሱ ሊስት መጀመሪያ ላይ ሰካች። ታናሹ ደግሞ በፖፕ ከኋላ አንድ አንድ እያወጣ ወደ አዲሱ አዛወረ።

አሁን "ጠዋት" የሚለውን አትሙት አልኳቸው። ሪቨርስ ያለው ልጅ ጠዋቱ ከስታዲየም ጀመረ። ሪቨርስ አዲስ ነገር አይሠራም፤ ያለውን ሊስት እዚያው ያገላብጠዋል። ታናሹ ጋር ስንደርስ "ጠዋት" ባዶ ሆኖ ወጣ፦ []። ልጁ ደነገጠ። "ማታን እንጂ ጠዋትን አልነካሁም" አለ። ፖፕ ግን ማየት ብቻ አይደለም፣ ከሊስቱ አውጥቶ ነው የሚሰጠው። ከቅርጫት ብርቱካን እያነሳህ ወደ ሌላ ቅርጫት ብትከት የመጀመሪያው ቅርጫት ባዶ ይሆናል።

ጥያቄው እንግዲህ "ነገ ጠዋት ሊስቱን እፈልገዋለሁ?" የሚል ነው። እፈልገዋለሁ ካላችሁ ስላይሱን ምረጡ። አሮጌው እንዳለ ይቀራል፣ አዲሱ ለብቻው ይወጣል። አልፈልገውም፣ የተገለበጠው ብቻ ይበቃኛል ካላችሁ ሪቨርስ ጥሩ ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለበት፣ ሁሉም ጀማሪ ይገባበታል። የሪቨርስን ውጤት በእኩል ምልክት ለ"ማታ" ብትሰጡት "ማታ" ውስጥ የምታገኙት ነን (None) የሚባለውን ባዶ ምልክት ነው። ሥራውን ሊስቱ ላይ ሠርቶ ጨርሷል፣ የሚመልስላችሁ ነገር የለውም። ሶርትም እንዲሁ ነው። ሶርትድ እና ሪቨርስድ ግን፣ መጨረሻቸው ላይ ድ ያለባቸው፣ የመጀመሪያውን ሳይነኩ ሌላ ይሰጧችኋል። ልጆቹ ይህን "ድ ካለበት አትፍራ" ብለው ነው የያዙት። ሪቨርስድ የሚሰጣችሁ ራሱ ሊስት እንዳልሆነ ብቻ እወቁ፤ ሊስት ውስጥ ከታችሁ ነው የምታትሙት።

ሌላም አለ። አንዳንዱ ለጥንቃቄ ብሎ መጀመሪያ ማታ = ጠዋት ይላል፣ ከዚያ ማታን ይገለብጣል። ጠዋትም አብሮ ይገለበጣል! ይህን ለማስረዳት የቤት ስም እና የትምህርት ቤት ስም እላቸዋለሁ። አንድ ልጅ ቤት ውስጥ ማሙሽ ይባላል፣ ትምህርት ቤት በመዝገብ ስሙ ይጠራል። ማሙሽ ፀጉሩን ቢላጭ በመዝገብ ስሙ የሚጠራውም ልጅ ተላጭቶ ነው ክፍል የሚገባው። የእኩል ምልክቱ ሁለተኛ ስም አወጣ እንጂ ሁለተኛ ልጅ አልወለደም። ሌላ ልጅ ከፈለጋችሁ ማታ = ጠዋት[:] በሉ፤ ያ ቅጂ ነው።

የአራተኛዋ ልጅ ኢንሰርትስ? መልሱ ልክ ነው፣ ጠዋትንም አልነካችም። ግን ከፊት አንድ ነገር በሰካች ቁጥር ከኋላ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ መሸሽ አለባቸው። የታክሲ ሰልፍ ፊት ላይ አንድ ሰው ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ለአምስት ፌርማታ ማንም አያስተውለውም። ለመቶ ሺህ ግን ይታያል።

እኔን ከሁሉም ደስ ያለኝ የሦስተኛው ልጅ ሉፕ ነው። ረጅም ነው፣ መጀመሪያ ሲሞክረው በአንድ ቁጥር አልፎ ስህተት ወጥቶበታል። ግን ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር የመጨረሻው ተራ ቁጥር ከርዝመቱ በአንድ እንደሚያንስ በራሱ እጅ ነው ያወቀው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገለብጡ በሉፕ ገልብጡ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልካችሁን በስላይስ ሥሩ።

በስም ልጥራ ወይስ በቁጥር?

በሊስት ላይ በሉፕ ስትዞሩ ሁለት አማራጭ አላችሁ። በቀጥታ እያንዳንዱን ፌርማታ ማንሳት ወይም 0፣ 1፣ 2 እያላችሁ በኢንዴክስ መጥራት። ከሌላ ቋንቋ የመጡ ልጆች ሁልጊዜ በቁጥር ይሄዳሉ። እኔ ቁጥሩ ካልተፈለገ አትጥሩት እላለሁ። ፌርማታዎቹን ብቻ ማተም ከሆነ በቀጥታ ሂዱ፤ አጭር ነው፣ በአንድ ቁጥር መሳሳትም የለበትም።

ተራ ቁጥሩ ከስሙ ጋር የሚታተም ከሆነ ኢኑመሬት አለላችሁ፣ ከ1 ጀምር ልትሉትም ትችላላችሁ። ኢንዴክስ በእውነት የሚያስፈልገው ጎረቤትን ከጎረቤት ስታስተያዩ ነው። "ተከታትለው የመጡ ሁለት ተመሳሳይ ፊደሎች አሉ?" የሚለውን ልምምድ ውሰዱ። "አበበ" ላይ መልሱ አዎ ነው። እዚህ ላይ ሉፑ ከመጨረሻው ፊደል አንድ ቀድሞ መቆም አለበት። የመጨረሻው ፊደል ቀጥሎ የሚያየው ጎረቤት የለውም። ይህን የረሳ ሰው ኢንዴክስ ኤረር ያገኛል። ያ ስህተት ሲመጣባችሁ አትበሳጩ፤ ቢያንስ ራሱን አጋልጧል።

መሰረዝ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል

ራሱን የማያጋልጠው ስህተት የሚከተለው ነው። ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ልምምዱን በጀሪካን አደረግነው። በረንዳ ላይ የተሰለፉት ጀሪካኖች በሊትር እንዲህ ናቸው፦

ጀሪካን = [20, 5, 5, 20, 10]

ባለ 5 ሊትሮቹን አውጡ። ኮሌጅ የጀመረችው ልጅ የጻፈችው ማንም የሚጽፈውን ነው፦ በሊስቱ ላይ ዙሪ፣ 5 ካገኘሽ ሪሙቭ አድርጊ። ውጤቱ ይህ ሆነ፦

[20, 5, 20, 10]

አንድ 5 ቀረ። ስህተት አልወጣም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም። "ፓይተን ተሳሳተ" አለችኝ፣ ከልቧ ነው።

ተነሱና በረንዳ እንውጣ አልኳቸው። ጀሪካኖቹን በዚያው ቅደም ተከተል ደረደርናቸው። አንዱ ልጅ በጣቱ ይቆጥራል። ቦታ ዜሮ፣ 20፣ እለፍ። ቦታ አንድ፣ 5፣ አውጣ። ስታወጣ የተቀሩት ወደ ፊት ተጠጉ፤ ሁለተኛው 5 ቦታ አንድ ላይ መጣ። ጣቱ ግን ወደ ቦታ ሁለት አለፈ። ቦታ ሁለት ላይ ያለው 20 ነው። ያ ሁለተኛ 5 ማንም ሳያየው አመለጠ። ልጅቷ "እንዴ!" አለችና ሳቀች። ከዚያ በኋላ ይህን ስህተት ደግማ አልሠራችውም።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በቅጂው ላይ መዞርና ከዋናው ላይ መሰረዝ ነው፤ ማለትም ሉፑ በጀሪካን[:] ላይ ይዞራል። ይሠራል። ግን ሪሙቭ በተጠራ ቁጥር ዕቃውን ከሊስቱ መጀመሪያ ጀምሮ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ድካሙ ይበዛል። ሁለተኛው አዲስ ባዶ ሊስት ከፍቶ የሚቀሩትን ብቻ በአፔንድ መጨመር ነው። ሦስተኛው ይኸንኑ በአንድ መስመር በሊስት ኮምፕሪሄንሽን መጻፍ ነው።

እኔ ለጀማሪ ሁለተኛውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። "የሚወጡትን አውጣ" የሚለውን ሐሳብ ወደ "የሚቀሩትን ሰብስብ" ስትቀይሩት ችግሩ ከነጭራሹ ይጠፋል። ኮምፕሪሄንሽኑን ከሳምንት በኋላ ጨምሩት። ሁለት ቅድመ ሁኔታና ሁለት ሉፕ አንድ መስመር ላይ ማጨቅ ሲጀምር ግን ተዉት፤ ማንም አያነበውም፣ እናንተም ራሳችሁ በሳምንቱ አታነቡትም።

ልምምዱ "ያንኑ ሊስት ለውጥ፣ አዲስ አትመልስ" ካለስ? አንዳንድ ፈተና እንዲህ ይላል። የሚቀሩትን "አዲስ" በሚባል ሊስት ሰብስባችሁ መጨረሻ ላይ ጀሪካን[:] = አዲስ በሉ። ስሙ ያው፣ ሊስቱም ያው፣ ውስጡ ብቻ ተቀየረ።

መሞከሪያ ስትመርጡም አስቡበት። [5, 20, 5] ብላችሁ ብትሞክሩ ያ ስህተት ያለበት ኮድ ትክክለኛ መልስ ይሰጣችኋል! ሁለቱ 5ቶች ተራርቀዋልና። ሁልጊዜ ሁለት ተመሳሳይ ነገር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ሞክሩ። ባዶ ሊስትም ሞክሩ።

መቁጠር፣ ከነፊደላችን

የፊደል ቆጠራ ልምምድ የሌለበት የጀማሪ ትምህርት የለም። ሁላችንም የምናውቀውን እንውሰድ፦

ዓረፍተ_ነገር = "አበበ በሶ በላ ጫላ ጩቤ ጨበጠ"

"በ" ስንት ጊዜ አለ? ለአንድ ፊደል ብቻ ከሆነ ካውንት ይበቃል፣ 5 ይላችኋል። ሌላ ነገር አትድከሙ። "እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ አለ?" ከተባለ ግን ምርጫው ይቀየራል። ካውንትን ለእያንዳንዱ ፊደል ብትጠሩት ጽሑፉን ደጋግሞ ከዳር እስከ ዳር ይሄደዋል። ክፍት ቦታዎቹን ጨምሮ ርዝመቱ 19 ነው፤ 19 ጊዜ 19፣ 361 እርምጃ። ዲክሽነሪ (ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥሩን የሚይዝ መዝገብ) ከፍታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ብትዞሩ 19 እርምጃ ይበቃል። በእርግጥ ካውንተር የሚባል የተዘጋጀም አለ፣ ኮሌክሽንስ ከሚባለው ጥቅል የሚመጣ። ለሥራ እሱን ተጠቀሙ። ለልምምድ ግን ዲክሽነሪውን በእጃችሁ ሙሉ። "ይህ ፊደል ከዚህ በፊት ታይቷል ወይ? ካልታየ ከዜሮ ጀምር" የሚለው ሐሳብ በኋላ በየቦታው ይመጣባችኋል።

ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ውጤቱን ልብ ብላችሁ እዩት። ክፍት ቦታም 5 ጊዜ ነው ያለው፣ ልክ እንደ "በ"። "በብዛት የመጣው የቱ ነው?" ከተባለ ሁለት አሸናፊ አለ። ጥያቄው ክፍት ቦታን ይቆጥራል ወይስ አይቆጥርም? እኩል ሲሆኑስ የቱን ይመልስ? ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ይህን ወስኑ።

"ጨ" ስንት ጊዜ አለ ብላችሁ ብትጠይቁ ደግሞ 1 ይላችኋል። ጫ፣ ጩ፣ ጨ ለጆሯችን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የ"አናባቢ ቁጠር" ልምምድ በፊደላችን የማይሠራው ለዚህ ነው። አናባቢው ከተነባቢው ጋር ተጣብቋል።

ሁለት አማራጭ አላችሁ። ልምምዱን እንዳለ በላቲን ቃላት መሥራት፣ ወይም ወደ ፊደላችን ማምጣት። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን በጣም ያምራል፤ እስቲ ላሳያችሁ። ኦርድ የሚባለው ትእዛዝ የአንድን ፊደል መለያ ቁጥር ይነግራችኋል። ፊደላችን ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ክፍል "ሀ" ላይ በ4608 ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የስምንት ቦታ ረድፍ ተሰጥቶታል። 4608 ደግሞ ለ8 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ስለዚህ የፊደሉን ቁጥር ለ8 አካፍላችሁ ቀሪውን ብታዩ ፊደሉ ስንተኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ። "ላ" 4619 ነው፤

4619 % 8

ብትሉት 3 ይመልሳል፣ ራብዕ። ጥቂት ልዩ ፊደሎች ሲቀሩ ሁሉም ላይ ይሠራል። ልጆቹ ይህን ሲያዩ የየራሳቸውን ስም ማስላት ጀመሩ፤ ሻይ እስኪቀርብ ማንም ቀና አላለም።

ሌላው የእኛ ጉዳይ "ሐሙስ" እና "ሀሙስ" ነው። እኩል ናቸው ወይ ብትሉት ፓይተን አይደሉም ይላል። የቃል ቆጠራ ስትሠሩ ሁለት የተለያየ ቃል አድርጎ ይቆጥረዋል። ሪፕሌስን ሰባት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ የሐ ዘር መደርደር ይቻላል። የተሻለው ግን ቁጥሩን መጠቀም ነው። "ሐ" 4624 ነው፣ ከ"ሀ" በ16 ይበልጣል። ስለዚህ ከየትኛውም የሐ ዘር ላይ 16 ቀንሳችሁ በሲኤችአር ወደ ፊደል ብትመልሱት የሀ ዘር ይሆናል። ሠ ላይ 16 ብትደምሩ ደግሞ ሰ ይመጣል።

ኢንተርኔት ላይ የቆየ ትምህርት ስታነቡ የአማርኛ ቃል ርዝመት ሦስት እጥፍ ሆኖ ሊገጥማችሁ ይችላል፤ "ሰላም" 9 ነው የሚል። ያ በባይት፣ በኮምፒውተሩ የማከማቻ መለኪያ፣ የተቆጠረ ነው። ዩቲኤፍ-8 የሚባለው የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ ለእያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይወስዳል። የድሮው ፓይተን 2 እንዲህ ይቆጥር ነበር፤ ድጋፉ በ2020 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። በፓይተን 3 ርዝመት የሚቆጥረው ሌን "ሰላም"ን 3 ነው የሚለው።

መቁረጥና መገጣጠም

ጽሑፍን ወደ ቃላት የሚቆርጠው ስፕሊት ባዶውን (ቅንፉ ውስጥ ምንም ሳይሰጠው) ሲጠራና " " ተሰጥቶት ሲጠራ ይለያያል። በቃላቱ መካከል ሳታስቡት ሁለት ክፍት ቦታ ካለ፣ " " የሰጣችሁት ባዶ ስትሪንግ ጣልቃ ያስገባባችኋል። ባዶውን የተጠራው አያስገባም። ስለዚህ ሁልጊዜ ባዶውን። አራት ነጥባችን ከመጨረሻው ቃል ጋር ተጣብቆ እንደሚቀር አትርሱ፤ በስትሪፕ "።፣" ብላችሁ አንሱት።

ለመገጣጠም ፊደል በፊደል በመደመር ምልክት መጨመር ይቻላል፣ ለአጭር ቃል ምንም አይደለም። ስትሪንግ ግን አንዴ ከተሠራ አይለወጥም። በደመራችሁ ቁጥር አዲስ እየተሠራ ነው ብላችሁ አስቡት። ብዙ ነገር ስትገጣጥሙ ሊስት ላይ ሰብስባችሁ መጨረሻ ላይ በጆይን አንድ ጊዜ ማያያዝ ይሻላል። "፣ " ሰጥታችሁት የጠዋቱን ፌርማታ ብታያይዙ ቱሉ ዲምቱ፣ ቃሊቲ፣ ሳሪስ እያለ በአማርኛ ሥርዓት ይወጣል። ጆይን ቁጥር አይቀበልም፤ የጀሪካኑን ሊስት ከሰጣችሁት ያኮርፋል። መጀመሪያ ወደ ስትሪንግ ቀይሩለት።

ወረቀት፣ ስልክ ወይስ ላፕቶፕ?

መብራት ባለበት፣ ላፕቶፕ ባለበት፣ ላፕቶፕ ነው። ለጀማሪ ቶኒ የሚባለውን ፕሮግራም እመክራለሁ። ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ኮዱን እርምጃ በእርምጃ እያስኬደ በየመሀሉ እያንዳንዱ ስም ምን እንደያዘ ያሳያል። በረንዳ ላይ በጀሪካን ያየነውን ስክሪን ላይ ታዩታላችሁ።

ላፕቶፕ ለሌለው አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ አለ፤ እሱም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዳታ ለሚቆጥብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ጽሑፉ ነው። ፓይተን መስመሩን በክፍት ቦታ ወደ ውስጥ መግፋት ይፈልጋል፤ በትንሽ ኪቦርድ፣ አንዴ አማርኛ አንዴ ላቲን እየቀያየሩ፣ ጣት ይደክማል። ስልክ ላይ ከሃያ መስመር በታች የሆኑ ልምምዶችን ብቻ ሥሩ።

ወረቀት ግን ከሁለቱም በፊት ነው። መብራት በጠፋ ምሽት ልጆቹ በሻማ የሚሠሩት አለኝ፦ ሊስቱን ሳጥን በሳጥን መሳል፣ ከሥሩ 0፣ 1፣ 2 ብሎ መቁጠር፣ ሉፑ በዞረ ቁጥር የሚቀየረውን መሰረዝና መጻፍ። ታክሲ ውስጥም ይሆናል። ከቱሉ ዲምቱ ስታዲየም እስኪደርሱ አንድ ልምምድ ያልቃል፣ መንገዱ ከተዘጋጋ ሁለት።

ኤአይ ልጠይቅ? ጠይቁ፣ ግን መልሱን አይደለም። ሃያ ደቂቃ ታግላችሁ ካልሆነ "ፍንጭ ስጠኝ፣ ኮድ አትጻፍልኝ" በሉት። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የተመዘገቡ የሰፈራችን ልጆችም ይህንኑ ነው የምመክራቸው። ከስልክ የቀዳው ልጅ መስመሩ ይሠራ ነበር። "ይህ -1 ምንድን ነው?" ስለው ግን ዝም አለ።

ውሻው

መጨረሻ ላይ የምሰጣቸው ልምምድ ፓሊንድሮም ነው፤ ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ የሆነ ቃል። መጻሕፍቱ የሚሰጡት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እኔ ከአማርኛ አምጡ አልኳቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። መጀመሪያ "ላላ" መጣ፣ ቀጥሎ "ሳሳ"። ከዚያ ታናሹ፣ ያ ሊስቱን ባዶ ያደረገው፣ "ውሻው!" ብሎ ጮኸ። ው፣ ሻ፣ ው። ወዲያው "ውሃው" እና "ንብን" ተከተሉ። አብዛኞቹ በላቲን ፊደል ቢጻፉ አይሆኑም፤ በፊደላችን ግን ይሆናሉ።

ለመፈተሽ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቃሉን ከግልባጩ ጋር ማስተያየት ነው፦

ቃል == ቃል[::-1]

አንድ መስመር፣ ግልጽ፣ ለማንኛውም ሥራ የሚበቃ። ሁለተኛው ሁለት ጣት ነው። አንድ ጣት መጀመሪያው ላይ፣ አንድ ጣት መጨረሻው ላይ፤ እኩል ከሆኑ ሁለቱም ወደ መሀል ይግቡ፤ ካልሆኑ እዚያው ቁም። ይህኛው ልዩነት እንዳገኘ ያቆማል፣ የተገለበጠ ቅጂም አያስፈልገውም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የምትዘጋጁ ከሆነ ሁለተኛውን በወረቀት ላይ ደጋግማችሁ ሥሩት፤ "ያለ ስላይስ ሥራው" መባሉ አይቀርም። ለመማርም እሱ ይበልጣል። ለመጠቀም የመጀመሪያው።

ልጆቹ ያገኟቸውን ቃላት በወረቀት ጽፈው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። እስካሁን ያሉት ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፊደል ናቸው። ባለ አምስት ፊደል ፍለጋ ላይ ናቸው፤ ታናሹ የመዝገበ ቃላት ፋይል አግኝቶ በሁለት ጣት ሉፑ ሊፈትሸው ተቀምጧል።